የሁለት ዳቦ መንገድ

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ወንድሜ ከጅቡቲ ደወለ። የእናታችን ሙት ዓመት ስለደረሰ ሊመጣ ነው። «ቅዳሜ ከች እላለሁ። ምን አላት፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት» አለኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቱቦላሬ ብረት የምለካበትን ሜትር እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ። ብረት ሊገዛ የመጣ አንድ ደንበኛ ትዕግሥቱ አልቆ «አባባ፣ ብረቱን ነው ወይስ እኔን ነው የሚለኩት?» ባይለኝ ኖሮ እስካሁንም እዚያው የምቆም ይመስለኛል። ሱቁ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ልጄ ሒሩት «ምነው አባዬ፣ ክፉ ሰማህ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እስቲ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ስንት ሰዓት እንደሚበር እይልኝ» አልኳት። ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና «በአየር አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ከትንሽ ይላል» አለች። ስልክ ምን አለበት፣ የጠየቁትን ይላል። «በዳቦ ስንት እንደሆነስ ይላል?» ብላት የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልፈረድኩባትም። በዳቦ የሚለካውን መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሰፈር ከእኔ ሌላ የቀረ የለም። አንድ አለ ካሉ ደግሞ እሱ ጅቡቲ ነው ያለው።

እኔ የተወለድኩት አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ነው። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ ከመደርደሪያ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድበት ቤት ስለነበረ እናታችን ብርጭቆ መግዛት ትታ በጣሳ ነበር የምታጠጣን። እቴቴ ነበር የምንላት። እቴቴ ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር አታውቅም፣ ሰዓትም ብዙ አታምንም፣ የባቡር ሰዓት ደግሞ ጭራሽ አይታመንም። እሷ መንገድ የምትለካው በስንቅ ነበር። ሞጆ ማለት ያለ ዳቦ የሚኬድበት አገር ነው። ናዝሬት ግማሽ ዳቦ ነው። ድሬዳዋ አንድ ዳቦ ነው። ጅቡቲ ሁለት ዳቦ ነው፤ አንዱ እስከ ድሬዳዋ ይበላል፣ ሁለተኛው ከዚያ ወዲያ ላለው ሌሊትና ለበረሃው ይቀመጣል። ዳቦው ጣቢያው አጠገብ ከነበረው ዳቦ ቤት በስሙኒ የሚገዛ፣ ክንድ የሚያህል የፉርኖ ዳቦ ነበር፤ በትኩሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲሰጡህ ብብትህን ያሞቅሃል። ጎረቤት «ልጅሽ ዛሬ የት ነው ያለው?» ሲላት እቴቴ «አንድ ዳቦ ላይ ደርሷል» ትላለች፣ ጠያቂውም ድሬዳዋ ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል። ዛሬ በዚያ ልኬታ ቢኬድ መንገዱ ሁሉ በረዘመ ነበር። የዛሬው ዳቦ አንዱ ለአንድ ጉርሻ አይበቃም፣ ሞጆ ለመድረስ ራሱ አንድ ኩንታል ዱቄት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ያ ዘመን የእኔና የታላቅ ወንድሜ የተፈራ ዘመን ነበር። ያኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። እግሩ ሥር መጋረጃ የሚያህል ቤልቦተም ሱሪ፣ ደረቱ ላይ የተከፈተ ናይለን ሸሚዝ፣ ማበጠሪያ የሚሰክበት አፍሮ ነበረው። እኔ የእሱን አሮጌ ሱሪ አስቆርጬ እለብስ ነበር። ሁለታችንም ትምህርት ቤት በመስኮት ገብተን በመስኮት የወጣን ነን፣ የቀረውን ያስተማረን ባቡሩ ነው። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ከእንጨት ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ስንሄድ እንደ ሸንበቆ ቀጥነን ነው፤ ስንመለስ ግን ባለ ወፍጮ መስለን። ልብስ በሻንጣ ከያዝክ የጉምሩኩ ዘብ፣ ፊናንሱ፣ ይወርስሃል፣ ከለበስከው ግን የራስህ ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ሱሪ በሱሪ፣ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ እንደራርባለን፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ለአቃቂ ፋብሪካ ሴቶች የሚሸጥ ቀሚስ ይኖራል። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ብረት ያቀልጣል። አንድ ጊዜ የፊናንስ አለቃ ጋሼን አስነሥቶ «አንተ፣ በዚህ ቃጠሎ ይህን ሁሉ የለበስከው አሞህ ነው?» አለው።

«አዎ ጌታዬ፣ ወባ ነው። ይንቀጠቅጠኛል» አለ ጋሼ።

«ወንድምህስ?»

«እሱ ከእኔ ተጋብቶበት ነው።»

ፉርጎው ሙሉ ሳቀ። አለቃውም ሳቀና «በል ላይኛውን ሸሚዝ አውልቅ፣ ትኩሳቱ ቀለል ይልልህ» ብሎ ሸሚዙን ይዞ ወረደ። የቀረው ልብስ ግን አቃቂ ገባ። ድሬዳዋ ላይ መንደሪን በዘንቢል እየተሸከሙ ከመስኮት መስኮት የሚሮጡ ሴቶች፣ በየጣቢያው ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ከአንዱ ፉርጎ ጥግ የሚንቃቃ ቴፕ፣ የሱማሌኛው ዘፈን ሲያልቅ ካሴቱን በእርሳስ የሚያጠነጥን ሰው... አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ያ ፉርጎ ወገቤን ያወዛውዘኛል። ሐኪሙ የወገብ ዲስክ ነው ይላል። እሱ የሚያውቀው የራጅ ፎቶውን ነው።

ከጅቡቲ የመጣ ነገር ሁሉ አንድ ሽታ ነበረው። ናፍጣ፣ የባሕር ጨው፣ ላብ፣ ትንሽ ደግሞ የዝገት ነገር። እቴቴ «ባቡር ባቡር ይላል» ትለው ነበር። ጨርቅ ስንሰጣት በዓይኗ ከማየቷ በፊት አፍንጫዋ ላይ ታደርገዋለች። አንድ ጊዜ ሻሽ ከጅቡቲ ማምጣት ረስተን ናዝሬት ገበያ ገዛንና «ከጅቡቲ ነው» አልናት። አሸተተችውና «እንኳን ባቡር ጋሪም አልሸተተው» ብላ ሰፈር አሳቀችብን።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። የማን ጊዜ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ቢቀርበት ይሻለዋል። ወጣት ልጅ ከቤቱ ሲወጣ እናቱ ከኋላው የምታማትብበት ወቅት ነበር። በአንዱ ጉዞ ላይ ጋሼ «አንተ ተመለስ፣ እኔ ትንሽ ልቆይ» አለኝና ወደቡ ላይ ከአንድ ትራንዚተር ዘንድ ሥራ ያዘ። ዕቃ ከመርከብ አስወርዶ ወደ አገር ማስገባት ነው ሥራው። ይገባኛል፣ እኔም የታላቅነት ድርሻው ቢደርሰኝ እቀር ነበር። ደግሞ ጠፍቶ አልጠፋም። ለፋሲካ ይመጣል፣ ለዘመን መለወጫ ይመጣል። ሊመለስ ሲል እቴቴ ራሷ ዳቦ ቤት ሄዳ ሁለቱን ዳቦ ትገዛለች። ሚስት አግብቶ፣ ሆዱ ቀድሞት መሄድ ከጀመረ በኋላ እንኳ ዳቦዎቹን በብብቱ ይዞ ነው ፉርጎ ላይ የሚወጣው። እሷም ባቡሩ ታጥፎ እስኪሰወር በር ላይ ቆማ ታያለች። በኋላ ጉልበቷ ሲደክም ወንበር ወጣላት፣ ወንበሩም ፊቱ ወደ ሐዲዱ ሆነ።

ባቡሩ እንደ ሰው በአንድ ቀን አልሞተም። መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ በየቀኑ መምጣቱ ቀርቶ አንዳንዴ ሆነ፣ ከዚያ እስከ ድሬዳዋም አይደርስ ጀመር። አንድ ቀን ዝም አለ። ቆመ ብሎ ያወጀ የለም፣ ለቅሶም አልተቀመጠለትም። ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ፣ ሴቶች መደብ ሠርተው ቲማቲም ቸረቸሩበት፣ በእኔ ሙያ ያሉ ሰዎች ደግሞ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ብረቱን በዓይናቸው ይመዝኑት ጀመር። ጋሼ ለእናታችን ደውሎ «እቴቴ ምን ላድርግ፣ ባቡሩ ቆመ» አላት።

«አይዞህ ልጄ። ሲጠገን ትመጣለህ» አለችው።

ሰው ሊስቅ ይችላል። አውቶቡስ አለ፣ የጭነት መኪና አለ፣ ቦሌ አውሮፕላን አለ። ግን እቴቴ የሐዲድ ሠራተኛ ሚስት ናት። ለእሷ ጅቡቲ የሐዲዱ ጫፍ ነው፣ ሐዲዱ ከሞተ ጅቡቲ የሚባል አገር የት እንዳለ ማን ያውቃል። ጎረቤታችን «በመኪናም ይመጣል እኮ፣ እማማ የሺ» ብትላት «መኪናማ የሰው ነው፤ ባቡሩ ነው የቤታችን» ብላ ዘጋቻት። እኔም አውሮፕላን መኖሩን አጥቼው አይደለም። ጋሼን ስጠይቀው አንዴ ወረቀቴ አልተስተካከለም ይላል፣ አንዴ ልጄን አሞብኝ ነው ይላል። ነጋዴ ነኝ፣ የማይገዛ ደንበኛ ድምፁን አውቀዋለሁ። ዋጋው ተስማምቶት «ቀለሙ ባይሆን» ይልሃል፣ ቀለሙን ስትቀይርለት ስልኩ ይጠራል። ቢሆንም የወንድም ነገር ነውና ጆሮዬን ደፈንኩ። ለእቴቴም ልጇን የያዘባት ብረት ቢሆን ይሻላታል ብዬ ነበር።

ዓመታት አልፈው ቻይናዎቹ አዲስ ሐዲድ ዘረጉ። በእኛ በር አያልፍም፣ አሮጌውን ጣቢያ ዞር ብሎም አላየው። እቴቴ ግን በሬዲዮ ሰማች። «ባቡሩ ተጠገነ አሉ!» ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ያንኑ ዕለትም ለመልስ መንገዱ እንዲሆነው ብላ ሁለት ዳቦ አስገዛች። ለጋሼ ደወልኩለት። «እሱ ዕቃ ብቻ ነው የሚጭነው በላት» አለኝ። አልኳት። «ይሁን፣ ዕቃው ሲያልቅ ሰው ይጭናል» ብላ ተቀመጠች። ዳቦው ደርቆ ለዶሮ ተፈተፈተ። ከዚያ ወዲህም ለየበዓሉ ሁለት ዳቦ መግዛቷን አልተወችም። ምናልባት ከመጣ ብላ ነው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። አንድ የብረት አስመጪ ቦሌ አካባቢ ካለ ሆቴል ቀጠረኝ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ዋጋ የሚጨምሩት ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው። ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ፣ አስመጪው ገና አልመጣም። ወንበር ስፈልግ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰውዬ መስኮቱ ሥር ማኪያቶ ሲያማስል አየሁ። የሚያማስልበት አኳኋን ነው የያዘኝ። ጋሼ ሻይ ሲያማስል ማንኪያዋን እንደ ቁልፍ ነው የሚያዞራት።

«ጋሼ!»

ማንኪያዋ ቆመች። «አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እኔማ አገሬ ነው። አንተ መቼ መጣህ?»

«ዛሬ። ጠዋት።»

«እቴቴ ታውቃለች?»

«ልደውልላችሁ ስል ነበር...» ብሎ ከመጨረሱ አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ መጣ። ጎንበስ አለና «ጋሽ ተፈራ፣ ምሳውን እንደ ወትሮው ላድርግልዎት?» አለው።

እንደ ወትሮው። በሕይወቴ ብዙ ስድብ ጠጥቻለሁ፣ ገበያ ውስጥ ነው ያደግኩት። እንደዚያች ቃል የገባልኝ ግን የለም። አስተናጋጁ ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው። ጋሼ በእጁ ምልክት ሰጥቶ መለሰው።

«ወትሮው ምንድነው?» አልኩት።

«ጥብስ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ሥራ ነው እኮ! ሥራው ሲጠራኝ ብቅ እላለሁ። ጠዋት መጥቶ በአስር ሰዓት መመለስ ነው። ምን ልታደርጉኝ ነው?»

«ወረቀቱ ተስተካከለ ማለት ነው?»

ዝም።

«ለሥራ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ለእናት ግን በባቡር ብቻ ነው። ደኅና ነው። በል ተነሥ። ታክሲ ውጭ አለ፣ ዓይኗን አይተህ ትመለሳለህ።»

ሰዓቱን አየ። በሐቀኝነት ነው ያየው፣ እሱን አልዋሽበትም። «ትቀልዳለህ? ሳሪስን አልፌ፣ ቃሊቲን አልፌ፣ አቃቂ ደርሼ ልመለስ? መንገዱን አታውቀውም እንዴ? አውሮፕላኑ እኔን ይጠብቃል?»

«እሷ ጠብቃሃለች።»

«ሩቅ ነው፣ ወንድሜ! ሩቅ ነው እኮ የምልህ!» አለኝ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። ሰዎች ዞር ዞር አሉ። ከዚያ ከቦርሳው በሱቅ ፌስታል የተጠቀለለ ሻርፕ አወጣ። ለማን ገዝቶት እንደነበር አላውቅም፣ ለእናቴ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱም ቀለሙ ሮዝ ነበር። «ይሄን ስጥልኝ። ሰው ከጅቡቲ አመጣልሽ በላት» አለኝ። ተቀበልኩት። የሚሰጠኝን ዕቃ የመመለስ ልማድ የለኝም። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ጋሼ ብዬው አላውቅም።

አስመጪው መጣ፣ ወንበሩም ለስላሳ ነበር፣ ዋጋውም ጨመረ። ምን እንደተስማማሁ ዛሬም በደንብ አላስታውስም። ስወጣ ሠራተኛ የሚወጣበት ሰዓት ሆኗል። ሚኒባሱ ሳሪስ አቦ ጋ ተገትሮ ቀረ፣ ቆይቶ ተንፏቀቀ፣ ደግሞ ተገተረ። ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ይላል፣ የምንጠጋበት ቦታ የለም። ሻርፑን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ስንደርስ ስንቅ አድርሰው የሚመለሱ ሴቶች ባዶ ዘንቢል አንጠልጥለው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ከክፍለ ሀገር ነው የሚመጡት፣ በአውቶቡስ አድረው፣ በእግራቸው አዝግመው። ለታሰረ ሰው እንዲህ ይመጣለታል፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠች እናት አይመጣላትም። ይህን እያሰብኩ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው። «በሰላም ገብቻለሁ» ይላል። እሱ ጅቡቲ ገብቷል። እኔ ገና ቃሊቲ ነኝ።

እቴቴ እንደ ልማዷ በሩ ላይ፣ ፊቷን ወደ ሐዲዱ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ሻርፑን ሰጠኋትና «ሰው ከጅቡቲ አመጣልሽ። ከተፈራ ነው» አልኳት። ዓይኗ ያኔ እምብዛም አያይም፣ ሮዝነቱ አልታያትም። አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። አሸተተች። ሌላውን ጫፍ አሸተተች።

«ይሄ ባቡር አይልም» አለች። «ሽቶ ሽቶ ነው የሚለው። ሰውየው በምን መጣ?»

እኔ የዛገ ላሜራ ቀለም ቀብቼ አዲስ ነው ብዬ የምሸጥ ሰው ነኝ። ያን ዕለት አንዲት ውሸት አጣሁ።

«በአውሮፕላን፣ እቴቴ።»

«ስንት ሌሊት ነው?»

«ሌሊት የለውም። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

ጣቶቿ ሻርፑ ላይ ቆሙ። ቲማቲም ነጋዴዎቹ ሐዲዱ ላይ ሸራቸውን እየጠቀለሉ ይሰዳደቡ ነበር።

«ዳቦ እንኳ አያስይዝማ» አለች።

«አያስይዝም።»

«ከቦሌ እዚህስ?»

«ዛሬ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።»

ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሻርፑን አጣጥፋ መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። «እንግዲያው ሩቁ አቃቂ ነዋ» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለእኔ እንጃ። ከዚያ «ወንበሬን አስገባልኝ፣ ነፋሱ በረደኝ» አለችኝ። ነፋስ አልነበረም። ወንበሩም ዳግመኛ አልወጣም። ሻርፑን ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠቻት፣ ለበዓል ሁለት ዳቦ ማስገዛቷም በዚያው ቀረ። ስለ ባቡር የሚወራ ነገር በሬዲዮ ሲመጣ «ዝጋው፣ ጆሮዬን አመመኝ» ትለኝ ነበር።

አምና አረፈች። ጠዋት ደወልኩለት፣ ቀብሩ በማግስቱ ነበር። «አይ፣ አይደርስልኝም» ብሎ በስልክ አለቀሰ። ለቅሶው እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ በዚህም ቢሆን አላማውም። ከእሱ ጋር በቁም ነገር የምከራከረው ስለ ርቀት ብቻ ነው።

ዛሬ አርብ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበር ከእድሩ መጥቷል፣ ሒሩት ስታዝ ስትታዘዝ ድምፅዋ ጠፍቷል። ቅድም መልእክት መጣልኝ። «ነገ ረፋድ ላይ እገባለሁ። ቦሌ መጥተህ ተቀበለኝ። አቃቂ ተቀያይሯል አሉ፣ ቤቱ ይጠፋኛል።»

ሒሩት ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። «ልሂድና ልቀበለው፣ አባዬ?»

«ተዪው» አልኳትና መነጽሬን አድርጌ ራሴ ጻፍኩለት። «ተፈራ፣ ቤቱ እዚያው ነው። ከቦሌ አቃቂ ግን ሩቅ ነው፤ ሁለት ዳቦ ይዘህ ና።»